ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው?

(ስለ ርቀትና ስለ በረራ ጊዜ የማስተማሪያ ዘዴ የቀረበ)

ርቀት፣ ፍጥነትና ጊዜ በሒሳብም ሆነ በኅብረተሰብ ትምህርት ደጋግመው የሚመጡ አርእስት መሆናቸው የታወቀ ነው። ቀመሩ አጭር ነው፤ ርቀት ለፍጥነት ሲካፈል ጊዜን ይሰጣል። ዕጩ መምህራን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፤ በሌሊት ከእንቅልፍ ቢቀሰቅሱንም እንመልሰዋለን። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ ቀመሩ ላይ ሳይሆን ቀመሩ ውስጥ በምናስገባቸው ቁጥሮች ላይ ነው። «ርቀት» ስንል የትኛውን ርቀት ማለታችን ነው? «ጊዜ» ስንልስ ከየት ተነሥቶ የት እስኪደረስ ያለውን? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር እንጓዛለን።

እዚሁ ሰፈራችን ዓለም ባንክ ውስጥ በተማሪዎች ደብተር ላይ ያየነው ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ «ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር 565 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» አንደኛው ልጅ 565ን ለ660 አካፍሎ፣ በ60 አባዝቶ «51 ደቂቃ» ብሏል፤ በቀይ እርሳስ «ትክክል» ተብሎለታል። ሌላዋ ልጅ ግን «አባቴ በአይሮፕላን ሲሄድ 5 ሰዓት ፈጅቶበታል» ብላ ጻፈች። የኤክስ ምልክት ተደረገባት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቀስ ብለን ብንመረምረው «ትክክል» የተባለው መልስ በሁለት ስሕተት የተገኘ፣ ኤክስ የተደረገበት ደግሞ ከእውነተኛው ጉዞ የተወሰደ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህችን ልጅ ያስተማርናት ሒሳብ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ በቤት የሚታወቀው እውነት በትምህርት ቤት እንደማያገለግል ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት ልጆች ቶሎ ይይዙታል፤ ለማስለቀቅ ግን ዓመታት ይወስዳል።

እንግዲህ ከርቀቱ እንጀምር። 565 ኪሎ ሜትር የሚባለው በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ርዝመት ነው። አይሮፕላን ደግሞ የመኪና መንገድ ተከትሎ አይበርም። ታዲያ የአየሩ ርቀት ስንት ነው? ይህን ለማወቅ ወደ ሌላ ሰው መሄድ አያስፈልገንም፤ ካርታና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃናል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ትገኛለች። ባሕር ዳር በ11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜንና በ37 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ናት። የኬክሮሱ ልዩነት 2 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ነው፤ ይህም በአሥርዮሽ 2.57 ዲግሪ ይሆናል። (እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ እንጂ 100 ደቂቃ አይደለም፤ 2.34 ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች አይጠፉም።) አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ወደ ሰሜን የምንሄደው 285 ኪሎ ሜትር ነው። የኬንትሮሱ ልዩነት 1 ዲግሪ ከ22 ደቂቃ፣ ማለትም 1.37 ዲግሪ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ በእኛ አካባቢ አንዱ ዲግሪ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ወደ ምዕራብ የምንሄደው 149 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱን የባለ ዘጠና ዲግሪ ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች አድርገን በፓይታጎራስ ደንብ ብናሰላ ሦስተኛው ጎን 322 ኪሎ ሜትር ግድም ይወጣል። ምድር ክብ ስለሆነች ይህ ስሌት ፍጹም አይደለም፤ ለዚህን ያህል አጭር ርቀት ግን ልዩነቱ የሚያሳስብ አይደለም። ወደ 320 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዘው።

565ና 320! የመኪናው መንገድ ከቀጥታው መስመር አንድ ተኩል እጥፍ አልፎ ወደ ሁለት እጥፍ ተጠግቷል። ለምን? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሒሳብ ሳይሆን ጂኦግራፊ ነው። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚገናኙበት ከዚህ የተሻለ ቦታ እኛ አላገኘንም።

በቀጥታ መስመሩ ላይ ማስመሪያ ብናስቀምጥ መስመሩ የሚያልፈው በጮቄ ተራሮች ላይ ሆኖ እናገኘዋለን። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። መንገዱ በዚያ ሊወጣ አይችልምና ይዞራል፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ተራራውን በስተምዕራብ ዞሮ ባሕር ዳር ይገባል። በቢቸናና በሞጣ በኩል በስተምሥራቅ የሚዞረው ሌላው መንገድ ከዚህ ያጠረ ነው። ስለዚህ «ባሕር ዳር በመንገድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ለሚለው ጥያቄ እንኳ «በየት በኩል?» ብሎ የሚመልስ ተማሪ አስተዋይ ነው እንጂ ግራ የተጋባ አይደለም። ከጮቄ በፊት ደግሞ ዓባይ አለ። ከጎሐ ጽዮን ቆሞ ወደ ደጀን ለሚያይ ሰው ማዶው ቅርብ ነው፤ በቀጥታ ቢለካ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ግን ቁልቁል እስከ ወንዙ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ እየተጠማዘዘ ሲወጣ የዚያን እጥፍ ያህል ይሄዳል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን ርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ መሻገሪያውን አሻሽሎታል፤ ቁልቁለቱንና ዳገቱን ግን ድልድይ አያስቀረውም።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት የሚያስፈልገው የትምህርት መርጃ መሣሪያ ክር ብቻ ነው። ልኬቱ ለሁለት ሚሊዮን አንድ በሆነ የኢትዮጵያ ካርታ ላይ ቀጥታው መስመር 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ክሩን በመንገዱ ጠመዝማዛ ላይ አስተኝተን፣ ከዚያም ዘርግተን በማስመሪያ ብንለካው በጣም የሚበልጥ ርዝመት እናገኛለን። ይሁን እንጂ ክሩ 565 ኪሎ ሜትር ላይ ላይደርስ ይችላል፤ ካርታ ሠሪው ትንንሾቹን መጠማዘዣዎች ሁሉ በዚያ ልኬት መሣል አይችልምና። ተማሪዎቹ «መምህር፣ ጎደለ!» ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ! መልካሙ ጥያቄ እሱ ነው። ከዚያ ቀጥሎ አዳማን እንዲሞክሩ ቢደረግ ደስ ይላል፤ በቀጥታ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በነባሩ መንገድ 99 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትርፉ አንድ አራተኛ ብቻ ነው። በአዳማና በባሕር ዳር መንገዶች መካከል ያለውን ልዩነት የፈጠረው ምን እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ከካርታው ቀለም ያነቡታል።

አሁን ወደ ጊዜው እንለፍ። 320 ኪሎ ሜትርን ለ660 ብናካፍል 29 ደቂቃ ይወጣል። ነገር ግን የበረራ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ግማሹ ሰዓት የት ገባ?

660 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚባለው ፍጥነት በአገር ውስጥ በረራ ላይ የሚሠራው ባለ ሁለት ፕሮፔለር ኪው 400 አይሮፕላን ከፍታውን ይዞ ሲከንፍ የሚኖረው ፍጥነት ነው። አይሮፕላኑ ግን ከቆመበት ተነሥቶ ወዲያው 660 አይገባም። በመጀመሪያ ከተሳፋሪ መጫኛው ተነቅሎ በመሬት ላይ ቀስ እያለ እስከ መንደርደሪያው ጫፍ ይሄዳል፤ ሌላ አይሮፕላን ካለ ተራ ይጠብቃል። ሲነሣም የሚነሣው ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ሳይሆን መንደርደሪያውና ነፋሱ ወደሚፈቅዱለት አቅጣጫ ነው፤ ተነሥቶ ይዞራል። ከዚያ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ደግሞ ፍጥነቱ ያነሰ ነው። ከፍታውን ይዞ ጥቂት እንደበረረ ጣና መታየት ይጀምርና መውረድ ይመጣል፤ ሲወርድም ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። በእንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ላይ አይሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነቱን የሚጠቀምበት ጊዜ ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። አየር መንገዶች በሰሌዳቸው ላይ የሚያትሙት ጊዜ ደግሞ ጎማው መሬት ለቅቆ እስኪነካ ያለውን ሳይሆን አይሮፕላኑ ከቆመበት ተነቅሎ እንደገና እስኪቆም ድረስ ያለውን ነው። በመሆኑም «የበረራ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ራሱ ሁለት ትርጉም አለው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ልጅ 51 ደቂቃ እንመልከተው። የመኪናውን ርቀት ለአይሮፕላን ሰጠ፤ ይህ መልሱን ከፍ አደረገው። አይሮፕላኑ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ፍጥነት እንደሚበር ቆጠረ፤ ይህ ደግሞ መልሱን ዝቅ አደረገው። ሁለቱ ስሕተቶች ተካካሱና ከሰሌዳው ጊዜ ጋር የተቀራረበ ቁጥር ወጣ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የተሰጠውን ቁጥር ነው ያሰላው። ጥያቄ የሚያወጣ መምህር ግን መልሱ ከእውነቱ ጋር ስለተቀራረበ ብቻ ጥያቄው ትክክል ነው ብሎ እንዳይረካ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የሁለተኛዋ ልጅ 5 ሰዓትስ? አባትየው ዓለም ባንክ ከሚገኘው ቤቱ ወጥቶ በአየር ጤና በኩል ቦሌ ለመድረስ ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ማቋረጥ አለበት። በቀጥታ ቢለካ ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ነው፤ የጠዋቱን መጨናነቅ የሚያውቅ ሁሉ ግን 1 ሰዓት ከሩብ ቢባል አይገረምም። ከበረራው 2 ሰዓት ቀድሞ እንዲገኝ ይመከራል። በረራው 1 ሰዓት ነው። ሻንጣ ተቀብሎ፣ ተሽከርካሪ ፈልጎ ባሕር ዳር ከተማ እስኪገባ 45 ደቂቃ እንበለው። ሲደመር ልክ 5 ሰዓት ነው! 320 ኪሎ ሜትር ለ5 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አይሮፕላን የተሳፈረው ሰውዬ በአማካይ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ተጓዘ ማለት ነው፤ ጥሩ መንገድ ያገኘ አውቶቡስ ከዚህ አያንስም። አውቶቡሱ ግን 565ቱን መሄድ ስላለበት፣ በደኅናው ጊዜ 10 እና 11 ሰዓት ይፈጅበት ነበር። አይሮፕላኑ የሚያሸንፈው በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ዓባይና ጮቄ ስለማያስዞሩት ጭምር ነው።

ይህን ነገር ከሌላው ዓለም ጋር ማመሳከር ለሚፈልግ፣ በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ የሚዘወተረውን የለንደንና የፓሪስን ምሳሌ እንውሰድ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት ወደ 344 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የበረራ ሰሌዳው ጊዜም 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በአየር ላይ ሲታዩ መንትያ ናቸው። በምድር ላይ ግን አይገናኙም። በእነሱ መካከል ያለው መሰናክል ባሕር ነው፤ ከባሕሩ ሥር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ተቆፍሮ በ1986 ዓ.ም. ተመረቀ። ባቡሩ ከለንደን መሐል ከተማ ተነሥቶ ፓሪስ መሐል ከተማ የሚገባው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው። አይሮፕላን የሚሳፈር ሰው እንደኛው አባት ወደ ማረፊያው መሄጃና መጠበቂያ ስላለበት፣ አብዛኛው ተጓዥ ባቡሩን ይመርጣል። በሁለቱም አገር ቀመሩ ያው ነው፤ አይሮፕላኑም ያው አይሮፕላን ነው። «የትኛው ይፈጥናል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን እዚያና እዚህ ይለያያል። ለልጆቻችን ለንደንና ፓሪስን ብቻ እየሰጠን ብናሠራቸው ቁጥሩን ያገኙታል፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁት ግን የሚያውቁትን መንገድ ይዘው ሲጀምሩ ነው።

የለንደንና የፓሪስ ምሳሌ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ፓሪስ ከለንደን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በአገሩ ሰዓት 09፡00 ከለንደን የተነሣ አይሮፕላን ፓሪስ ሲደርስ የፓሪስ ሰዓት 11፡20 ሊል ይችላል። ቀንሶ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያለ ተማሪ ተሳስቷል፤ በረራው 1 ሰዓት ከ20 ብቻ ነው። በመልሱ ደግሞ 12፡00 ከፓሪስ ተነሥቶ በለንደን ሰዓት 12፡15 ይደርሳል፤ ሩብ ሰዓት የፈጀ ይመስላል! በእኛ አገር ውስጥ ይህ ችግር የለም፤ ከሞያሌ እስከ ሑመራ ሰዓቱ አንድ ነው። እኛ ያለብን ችግር ሌላ ነው፤ ከዚህም የከፋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በአይሮፕላን ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት 12 ሰዓት ጀምረን እንቆጥራለን። ትኬቱ ላይ 07፡00 ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ አይሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት አልፎታል። ሰውዬው ወደ ሆስፒታል ቀጠሮ የሚሄድ ወይም ለቀብር የሚደርስ ከሆነስ? በብዙ ገንዘብ የተገዛው ትኬት፣ በወራት ጥበቃ የተገኘው ቀጠሮ በአንድ መቀነስ ስሕተት ይጠፋል። ሰውዬው ትምህርት ቤት ገብቶ ቢሆን እንኳ ይህን መቀነስ የትኛው መምህር አስተምሮታል? ስሌቱ እኮ የሦስተኛ ክፍል ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ከ07 እስከ 18 ከሆነ 6 ይቀነሳል፤ 13፡00 ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከ19 እስከ 23 ከሆነ 18 ይቀነሳል፤ 22፡00 ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ከ00 እስከ 06 ከሆነ 6 ይደመራል፤ 05፡00 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው እኩለ ሌሊት ነው። ትኬቱ «ዓርብ 00፡20» ቢል በእኛ አነጋገር ሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት ከ20 ነው። ተጓዡ ሐሙስን በቤቱ አድሮ ዓርብ ማታ ዘመድ አዝማድ ሸኝቶት ቦሌ ቢደርስ አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቷል። ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ በረራዎች ብዙዎቹ በእኩለ ሌሊት ግድም ስለሚነሡ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። በዚያ ላይ ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጃንዋሪ 7 ማለት በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 29 መሆኑን መቀየር ይጠይቃል። በእኛ አስተያየት ይህ ክፍል በሒሳብ ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ተጨማሪ ምዕራፍ አያሻውም፤ የመደመርና የመቀነስ ልምምድ ስንሰጥ ከብርቱካንና ከበግ ቁጥር ጎን ሁለት ሦስት የትኬት ጥያቄ ብናስገባ ይበቃል።

ስለ ጊዜና ስለ ርቀት ስናነሣ ቋንቋችን ራሱ ብዙ የሚነግረን አለ። አያቶቻችን ርቀትን በጊዜ ነበር የሚለኩት፤ «የግማሽ ቀን መንገድ»፣ «የሦስት ቀን መንገድ» ይላሉ። በገጠር ዛሬም እንዲሁ ነው። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ የሚያይ መምህር አይጠፋም። እኛ ግን እንዲያውም ብልህነት እናይበታለን። «የሁለት ቀን መንገድ» ያለ ሰው ዳገቱን፣ የወንዙን ሙላት፣ የበቅሎውን ጉልበትና ማደሪያውን ሁሉ በአንድ ቃል ቆጥሮ ነው የተናገረው። 20 ኪሎ ሜትር ብንለው ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን ገደል አልነገርነውም። ኪሎ ሜትር የሚለካው ምድሩን ነው፤ የቀን መንገድ የሚለካው ጉዞውን ነው። ለተማሪው ሁለቱንም ማሳወቅ ይገባል፤ አንዱን ለማስተማር ሌላውን ማዋረድ ግን አያስፈልግም።

ደግሞም ጉዞ ምንጊዜም በመሬቱ አቀማመጥ ብቻ አይወሰንም። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዱ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ተሳፋሪዎች በየከተማው ሲጉላሉ ታይተዋል። 565ቱ ኪሎ ሜትር አልረዘመም። የሚፈጀው ጊዜ ግን በማካፈል የሚገኝ መሆኑ ቀረ። አቅም ያለው በአይሮፕላን ሄደ፤ አቅም የሌለው ቀረ፤ የቀረው ሰው ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው ቢባል ምን ብሎ ይመልስ? ከዚያ አካባቢ የመጣ ተማሪ በክፍላችን ውስጥ ካለ ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ ማንሣት አለብን፤ በሠሌዳ ላይ የምንጽፈው የከተማ ስም ለእሱ ቁጥር ብቻ አይደለምና።

ከታሪክም ጥቂት እንጨምር፤ እንዲያውም ለእኛ ቅርብ ነው። ወደ አዲስ አበባ የመጣው የመጀመሪያው አይሮፕላን ያረፈው ከእኛ ሰፈር ብዙ በማይርቀው በገፈርሳ ሜዳ ነው፤ ቀኑም ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። የመጣው ከጂቡቲ ነው። ከጂቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በዚያን ዘመን ባቡሩ ሌሊት ሌሊት እያደረ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ቀጥታው የአየር ርቀት 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህም ሐዲዱ ይዞራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያኔ ማረፊያው ልደታ ነበር፤ ዛሬ አሮጌው አይሮፕላን ማረፊያ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ካይሮ በቀጥታ 2,450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የዚያን ዘመኖቹ ዳኮታዎች በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበሩ፣ የአሥመራውን ማረፊያ ሳንቆጥር ከ8 ሰዓት በላይ ይሆናል። ዛሬ በጄት 4 ሰዓት ያህል ነው። ጄቶቹ በ1955 ዓ.ም. ሲመጡ የልደታው መንደርደሪያ አልበቃ ብሎ ነው ወደ ቦሌ የተዞረው።

የከፍታው ነገርም አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ክንፉን በደንብ አይሸከምምና ነዳጁን ሞልቶ የተጫነ ከባድ አይሮፕላን ለመነሣት ይቸገራል። ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለብዙ ዓመታት በመንገዱ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ሲያርፍ፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ የመጣው። በዚያ ከፍታ የሚነፍሰው ነፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ መልሱን ያግዛል። 11,500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ርቀት ሲሄድም ሲመጣም ያው ነው፤ ጊዜው ግን በሰዓታት ይለያያል። «ሲሄድና ሲመለስ እኩል ይፈጃል» ብሎ ለሚከራከር ተማሪ ይህን መንገር ነው።

ከዚህ በታች ለልምምድ የሚሆኑ ጥያቄዎች አቅርበናል። መልሳችሁን ከጋዜጣው ሠሌዳ በታች ባለው ሣጥን ውስጥ ብታስገቡ በሚቀጥለው እትም እንነጋገርበታለን።

አንደኛ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለውን ቀጥታ ርቀት ጎንደርን በ12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜንና በ37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ምሥራቅ ይዛችሁ አስሉ። ከዚያ በክር የመንገዱን ለኩና አወዳድሩ። ሁለተኛ፤ አንድ ትኬት «ሰኞ 00፡45» ይላል፤ ተጓዡ 3 ሰዓት ቀድሞ ቦሌ መገኘት አለበት፤ ከዓለም ባንክ ቦሌ 1 ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት ከቤቱ የሚወጣው በየትኛው ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር በስንት ሰዓት ነው? ሦስተኛው ለዕጩ መምህራን ብቻ ነው፤ «አባቴ በአይሮፕላን ሲሄድ 5 ሰዓት ፈጅቶበታል» ብላ በጻፈችው ልጅ ደብተር ላይ፣ ከኤክሱ ይልቅ ምን ብላችሁ ትጽፉ ነበር? ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ደብተሩ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ያን ያህል ነው።